ሲላንት ከተቀባ በኋላ ጥቁር መኪና ላይ የሚቀረው መስመር ከምን ይመጣል?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጥቁር ኮሮላ አለኝ። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ስፕሬይ ሲላንት፣ የመኪና ቀለም እንዲጠብቅ የሚረጨውን ፈሳሽ፣ ይዞልኝ መጣ። እሑድ ረፋድ ላይ ላቫጆ አሳጥቤ፣ ቤት እንደደረስኩ ግቢ ውስጥ ራሴ ቀባሁት። ጥላ ውስጥ ሲታይ ያምራል። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ኮፋኖውና ጣሪያው ላይ ቅባት በጨርቅ የተጎተተበት የሚመስል መስመር አለ። ብጠርገው ቦታውን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። በሮቹ ላይ ምንም የለም። ዕቃው ፎርጅድ ይሆን? አሁንስ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ ነው የጠየቅከው። የመልሱ ግማሽ እዚያው ጥያቄህ ውስጥ አለ። «በሮቹ ላይ ምንም የለም» ብለሃል። ጠርሙሱ ያው ነው፣ ጨርቁ ያው ነው፣ እጁም ያው ነው። ዕቃው ፎርጅድ ቢሆን ኖሮ በሮቹም አይተርፉም ነበር። ስለዚህ ጠርሙሱን እንዳትጥለው። መጠየቅ ያለብን ኮፋኖውና ጣሪያው በዚያ ሰዓት ከበሮቹ በምን ይለዩ ነበር የሚለውን ነው።

የሚለዩት በሙቀት ነው። ከላቫጆ እስከ ቤት ነድተህ መጥተሃል። ሞተሩ ኮፋኖውን ከሥር አሙቆታል። ጣሪያውን ደግሞ የረፋድ ፀሐይ ከላይ አግኝታዋለች። በሮቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ ፀሐይ ያን ያህል አትበረታባቸውም። ጥቁር ቀለም ሙቀት ይሰበስባል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት። ነፋሱ ሲነካህ ብርድ ነው፤ ኮፋኖውን ስትነካው ምጣድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአየሩን ቅዝቃዜ አይቶ ቆርቆሮውም የቀዘቀዘ ይመስለዋል።

ሙቀቱ መስመር የሚፈጥረው እንዲህ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አብዛኛው ፈሳሽ ውሃ ነው። ቀለሙን የሚከላከለው ፖሊመር ወይም ሲሊካ ከጥቂት አሟሚ ፈሳሽ ጋር ተበጥብጦ አብሮት አለ። ስትረጨው ውሃውና አሟሚው ይተናል፤ የምትፈልገው ነገር ቀለሙ ላይ ስስ ሆኖ ይቀራል። በጨርቅ እኩል ማዳረስ የምትችለው ገና እርጥብ ሳለ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ከሞቀ ውሃው ጨርቅህ ሳይደርስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የምትገፋው ፈሳሽ ሳይሆን የሚያጣብቅ ቅሪት ነው። ያየኸው መስመር ጨርቁ ያንን ቅሪት ሲጎትት የተወው ዱካ ነው። ነጭ ወይም ብርማ መኪና ላይ ይህ ሁሉ ቢኖርም አይን አይይዘውም። ጥቁር ላይ ግን ምንም አይደበቅም።

«ቦታውን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም» ያልከው ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረኛል። ብዙ ቀብተሃል፣ ጨርቅህም ጠግቧል። የጠገበ ጨርቅ አያነሳም፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ያሻግራል እንጂ። የመኪና ቀለም ላይኛው ግልጽ ሽፋን፣ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት፣ በፋብሪካ ሲሠራ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር ራሱ ከዚያ ይወፍራል። ሲላንቱ የሚተወው ሽፋን ደግሞ አንድ ማይክሮን እንኳ አይሞላም። ከዚያ በላይ የረጨኸው ሁሉ ተርፎ የሚጠረግ ነው። ሁለት እጥፍ ብትረጭ ሁለት እጥፍ ዕድሜ አታገኝም። የምታገኘው መስመር ነው።

አሁን ያለውን እናንሳው። ደረቅ ጨርቅ ይዘህ አትፈትገው። በመሃል አቧራ ካለ ክሊሩን ትጭረዋለህ፤ ያኔ መስመሩ እውነተኛ ጭረት ይሆናል። መኪናውን እጠበውና ጥላ ውስጥ አቁመው። ሞተሩ ከጠፋ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። የእጅህን ጀርባ ኮፋኖው ላይ አስቀምጥ። ሙቀት ከተሰማህ ገና ነው፣ ጠብቅ።

ከዚያ ያንኑ ሲላንት ውሰድ። አዎ፣ ያንኑ። አዲሱ ፈሳሽ ውስጥ ያለው አሟሚ ከሥር ያለውን ትርፍ መልሶ ያላላዋል። ግን ቀለሙ ላይ አትርጭ፤ ንጹሕ ማይክሮፋይበር (ከደቃቅ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ) ጨርቅ ላይ አንዴ ብቻ ርጭ። ትንሽ ቦታ ያዝ፣ ጎንና ጎኑ ግማሽ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ቀስ ብለህ አልብሰውና ወዲያው ሁለተኛ፣ ፈጽሞ ደረቅ በሆነ ጨርቅ አንሳው። በተቀባ በሰዓታት ውስጥ፣ ወይም በማግስቱ ከሆነ በአብዛኛው በዚህ ይለቃል።

ቀናት ካለፉትና ከደረቀ ግን አልኮል ያስፈልጋል። ፋርማሲ የሚሸጠውን 70 በመቶ አልኮል ውሰድ። አንድ እጅ አልኮል በሦስት እጅ ውሃ ቀላቅል። ጨርቅ ላይ ረጭተህ ጥረግ፣ በደረቁ ተከትለህ አንሳ። ሲጋራና እሳት አጠገብህ አይኑር። ይህ ውህድ መስመሩን ሲያነሳ ሲላንቱንም አብሮ ሊያነሳው ስለሚችል እነዚያን ሁለት ቦታዎች እንደገና ትቀባቸዋለህ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። መኪናህ አገር ውስጥ ጋራዥ ገብቶ የተቀባ አካል ካለው አልኮሉን መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክር፤ የኮፋኖው ውስጠኛ ጠርዝ ጥሩ ነው። ጨርቁ ላይ ጥቁር ቀለም ከመጣ ወዲያው አቁም። እዚያ አካል ላይ ክሊር የለም ወይም ቀለሙ አልጠነከረም ማለት ነው። በቅርብ የተቀባ አካል ሲላንትም ቢሆን ቶሎ ባይነካው ይሻላል። ቀለሙ ውስጥ ያለው አሟሚ ተንኖ መውጣት አለበት። አንድ ወር፣ ቢቻል ሁለት ወር ጠብቅ፣ የቀባልህንም ባለሙያ ጠይቀው።

በአልኮልም ካልለቀቀ የቀረው ቀላል ፖሊሽ ነው፤ በእጅ፣ በስፖንጅ። ፖሊሽ ከክሊሩ ላይ ትንሽ ስለሚልጥ መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ አይሞከርም። ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ በጨርቅ አድርገህ እንዳትሞክር ደግሞ እለምንሃለሁ። ለጊዜው ያብረቀርቃል፤ ያ ግን አዲስ ቅባት ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የሰፈሩን አቧራ ሁሉ ይሰበስብልሃል።

ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ግን አንድ ምርመራ አድርግ። ማታ፣ ጨለማ ውስጥ፣ የስልክህን መብራት ወደ ኮፋኖው አስጠግተህ አብራ። ከመብራቱ ዙሪያ ክብ እየሠሩ የሚታዩ እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ካሉ እነሱ ጭረት ናቸው። ሲላንትህ አላመጣቸውም። አሸዋ በያዘ ስፖንጅ በተደጋጋሚ ከመታጠብ የመጡ ናቸው፤ በፖሊሽ እንጂ በጨርቅ አይጠፉም። ነጭ ክብ ነጠብጣብ ከሆነ ደግሞ ውሃ ደርቆ የተወው ማዕድን ነው። የጉድጓድ ውሃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ለምሳሌ የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ በሚደርስበት፣ ይህ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ውሃ ይልቅ ጎልቶ ቢታይህ አይግረምህ። በኮምጣጤና በውሃ እኩል ቅልቅል ለአጭር ጊዜ አርጥበህ በብዙ ውሃ አለቅልቀው። ሲላንት እላዩ ላይ ከቀባህበት ነጠብጣቡን አሽገህ አስቀመጥከው ማለት ነው። የሲላንት መስመር ከሁለቱም የሚለየው በጣትህ ነው። ንጹሕ ጣትህን ቀስ አድርገህ ስታሳልፍበት ይደበዝዛል ወይም ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዴም ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ቀስተ ደመና ያሳያል። ያንተ፣ እንደ ነገርከኝ ከሆነ፣ ይኸኛው ነው።

አሁን ወደ ሚቀጥለው ጊዜ። ብዙው ሥራ የሚያልቀው ጠርሙሱ ሳይከፈት ነው።

አንዳንድ ላቫጆዎች ካጠቡ በኋላ በራሳቸው ማብለጫ ያብሳሉ። ደንበኛው ደስ እንዲለው ብለው ነው። ማብለጫው ግን ቅባት ወይም ሲሊኮን ይተዋል፤ ያንተ ሲላንት ቀለሙን ሳይነካ እሱ ላይ ይቀመጣል። እርስ በርሳቸው ሲንሸራተቱ መስመር ይመጣል። ስለዚህ «ምንም እንዳትቀቡልኝ፣ በሻምፖ እጠቡልኝ ብቻ» ብለህ ቀድመህ ተናገር። ለጎማ የሚረጩትም ማብለጫ በነፋስ የበሩ ታችኛው ክፍል ላይ ያርፋል። ቤትህ ማጠብ ከቻልክ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ መንዳት የለም፣ ሞተር አይሞቅም።

ሲታጠብ በጣም አድርቀው። ስፖኪዮው ሥር፣ የበር እጀታው ኋላ፣ የመብራቱ ዙሪያ ውሃ ይደበቃል። አንተ በሩን ጨርሰህ ስትሄድ ከስፖኪዮው ሥር አንዲት ጠብታ ትወጣና በቀባኸው ላይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። የሄደችበት መንገድ ደርቆ መስመር ሆኖ ይቀራል። ስፖኪዮውን አጠፍ ዘርጋ አድርገህ፣ በሮቹን ከፍተህ ዘግተህ፣ የሚንጠባጠበውን አስወግድ።

ሰዓቱን በተመለከተ እኔ ጠዋትን እመርጣለሁ። ጤዛው ደርቆ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ሌሊቱን የቆመ መኪና ከሥርም ከላይም ቀዝቃዛ ነው። ማታ ላይ ከሆነ ቀኑን ሙሉ የተጠበሰው ቆርቆሮ እስኪበርድ መጠበቅ አለብህ። በጋ ላይ አየሩ በጣም ደረቅ ስለሚሆን ጥላ ውስጥም ቢሆን ፈሳሹ ቶሎ ይተናል፤ የምትይዘውን ቦታ ይበልጥ አሳንሰው። ክረምት ላይ ተቃራኒው ነው። እርጥበት ስለሚበዛ ፈሳሹ ይዘገያል፣ የቅባት ጉም የመሰለ ነገር ይተዋል። ያኔ ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ በሦስተኛ ደረቅ ጨርቅ ድገመው። ዱባይና ሪያድ ሆናችሁ የምታነቡም በሞቃቱ ወራት ጥላ ብቻ አይበቃችሁም። በመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት ውስጥ፣ ቆርቆሮው ከበረደ በኋላ ሥሩ።

ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቀው። ቆሞ ሲሰነብት ውስጡ ያለው ይለያያል። ሳትነቀንቅ ከረጨህ አንዱ በር ውሃ፣ ሌላው በር ወፍራሙን ያገኛል። አፉንም ተመልከት። ፍም ላይ እንደተነፋ አመድ ብናኝ ሆኖ መውጣት ሲገባው ጠብታ ጠብታ እያደረገ የሚተፋ ከሆነ ተደፍኗል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክረህ ብዙ ጊዜ ጫነው። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ከዙሪያው ይወፍራልና ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ከጣሪያው ጀምር፤ ፀሐይ ቀድማ የምትደርሰው እሱ ጋ ነው። ኮፋኖውን ለአራት ክፈለው። ለአንድ ክፍል አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ መርጨት ይበቃል። ጥቁር መኪና ላይ እኔ ሁልጊዜ ጨርቁ ላይ ነው የምረጨው፣ ምክንያቱም መጠኑን መቆጣጠር ቀላል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ጨርቁ ደረቅ ስለሆነ ትንሽ ይጠጣል፤ እዚያ ላይ ብቻ አንድ ጨምር። ቀጥ ባለ መስመር ሂድ፣ እያንዳንዱ ጉዞ ያለፈውን በግማሽ ይደርበው። ከዚያ አቅጣጫ ቀይረህ አንዴ ድገመው። እጅህን አትጫን፣ የጨርቁ ክብደት ይበቃዋል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። እንደ ድሮው ሰም እስኪነጣ አትጠብቅ። አባቶቻችን መኪናቸውን በቆርቆሮ ሰም ሲቀቡ ቀብተው፣ እስኪነጣ ቆይተው፣ ከዚያ ነበር የሚያነሱት። ለዚያ ሰም ትክክል ነው። አብዛኛው ተረጭቶ የሚጠረግ ሲላንት ግን አይጠብቅህም። ክፍሉን እንዳለበስከው፣ ገና እርጥበቱ ሲያብለጨልጭ፣ በግራ እጅህ የያዝከው ደረቅ ጨርቅ ይከተል። መኪናውን ሙሉ ቀብቶ ለማንሳት መመለስ ብዙ መኪና አበላሽቷል።

ስለ ጨርቅ ሰው አብዝቶ አይናገርም፤ እኔ ግን ግማሹ ሥራ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ማይክሮፋይበር ይሁን፣ በካሬ ሜትር ከ300 እስከ 400 ግራም የሚሆነው ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው። የድሮ ካናቴራ ብናኝ ይተዋል፣ የሚነሳውንም አያነሳም። ጨርቁን ሁለት ጊዜ እጠፈው፤ በፊትና በኋላ ስምንት ንጹሕ ገጽ ይሰጥሃል። አንዱ ገጽ ሲቀዘቅዝህና ሲከብድህ፣ ቀለሙም ላይ ሲያዝ እንጂ ሲንሸራተት ካልተሰማህ፣ ገልብጠው። ለአንድ ኮሮላ ቢያንስ አራት ጨርቅ አዘጋጅ፤ ለመቀባት አንድ፣ ለማንሳት ሦስት።

አጠባቡ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ አለው። አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ መኪና አይነካም። በፈሳሽ ሳሙና፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ይታጠብ። የዱቄት ሳሙና ያልሟሟ ደቃቅ ቅንጣቱ ጨርቁ ውስጥ ሊቀር ይችላል። የልብስ ማለስለሻ ደግሞ ክሮቹን በቅባት ይሸፍናቸዋል፤ ያ ቅባት ነው ተመልሶ ኮፋኖህ ላይ የሚሰመረው። ከጥጥ ልብስና ከፎጣ ጋርም አትቀላቅለው፣ ብናኛቸውን ይይዛል። ሥራው እንዳለቀ ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ለነገ አትበል። ሲላንት የደረቀበት ጨርቅ ይደድራል፤ የደደረ ጨርቅ ይጭራል። እናትህ ወይም እህትህ ቤት ውስጥ ካገኙት ከሳህን ጨርቅ ጋር እንዳይቀላቅሉት ለብቻው አስቀምጠው።

አንድ ክፍል በጨረስክ ቁጥር ቁጢጥ ብለህ በስልክ መብራት ከጎን እየው። ከላይ ቆመህ ምንም አታይም። እዚያው ላይ ያገኘኸው ትርፍ በአንድ ጠረጋ ይነሳል። ሁለተኛ ዙር መድረብ ከፈለግህ በዚያው ሰዓት አይደለም፤ የመጀመሪያው እንዲይዝ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ስጠው። በዚያ መሃል ዝናብና ጤዛ ባይነካው ጥሩ ነው። መጠለያ ከሌለህ ጠዋት ቅባው እንጂ ማታ አትቀባ።

የጠርሙሱን ጀርባም አንብብ። ሁለት ዓይነት ነው ያለው። አንደኛው ደረቅ መኪና ላይ ተረጭቶ የሚጠረግ ነው፤ እስካሁን ያወራነው ስለሱ ነው። ሌላው እርጥብ መኪና ላይ ተረጭቶ ወዲያው በኃይለኛ ውሃ የሚለቀለቅ ነው። ይህኛው ደረቅ ቆርቆሮ ላይ ከተረጨ፣ ወይም ሳይለቀለቅ ከደረቀ፣ በጣም የሚያስቸግር ምልክት ይተዋል። የሚያሰራጨው የውሃው ግፊት ስለሆነ በባልዲና በጣሳ አይሆንም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጀመሪያውን ዓይነት ግዛ። አጎትህ ያመጣው ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ የግፊት ማሽን ያለው ላቫጆ ወስደህ፣ አካል በአካል እያስለቀለቅክ ተጠቀምበት።

የፊት መስታወቱን አትንካ። ሰው ተርፎት ያለውን ጨርቅ እዚያ ላይ ያሳርፈዋል። ቀን ላይ አይታይም፤ ማታ በዝናብ፣ የፊት ለፊት መኪና መብራት ሲመጣ ግን መስታወቱ ጉም ይለብሳል፣ የዝናብ መጥረጊያውም እየዘለለ ይንጫጫል። አርፎበት ከሆነ ያንኑ የአልኮልና የውሃ ቅልቅል ተጠቀም። የመጥረጊያውን ጎማም አብረህ ጥረገው፣ አለበለዚያ እሱ መልሶ ይቀባዋል።